ሳልወጣ የተሸለምኩበት ዓመት

በክሪኬት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብዬ ስሸለም አርባ አራት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ኳሷን በደንብ ያየኋት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ አንዴ ሣር ውስጥ ተኝታ፣ አንዴ ጉልበቴን መትታ ስትመለስ። ይህን የምለው ትሕትና ይዞኝ አይደለም። ትሕትናዬ ያመጣብኝን ጣጣ ቆይቼ እናገራለሁ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ነው። መምህራን የሚያመጡትን ውጤት እመዘግባለሁ፤ ከዚያ ተማሪ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ሲለምነኝ "የተመዘገበ ውጤት አይቀየርም" እላለሁ። በዚህች ዓረፍተ ነገር ዳቦ ስበላ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስፖርት የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተዋውቆ አያውቅም። ሆዴም ይመሰክራል።

ወደዚህ ጉድ ያስገቡኝ ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ ህንዳዊ ዶክተር ናቸው። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ሁለት ሹራብ ደርበው የሚለብሱ ሰው ናቸው። ሥጋ ስለማይበሉ ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ፊታቸው ይበራል፤ ዓቢይ ጾም ሲገባማ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚሉን እሳቸው ናቸው። አማርኛ ያስተማሯቸው አከራያቸው ናቸው። አከራያቸው ደግሞ የጨዋ ልጅ ስለሆኑ "አንተ" የሚባል ነገር በአማርኛ መኖሩን አልነገሯቸውም። ስለዚህ ዶክተሩ ለዲኑም፣ ለዘበኛውም፣ ለፍየልም "እርስዎ" ይላሉ። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ የተጋደመን ውሻ "ይቅርታ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ" ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሻውም ፈቀቅ አለ።

አንድ ሐሙስ ውጤት ሊያስገቡ መጥተው ወረቀቱን ከሰጡኝ በኋላ አልሄድ አሉ።

"ቅዳሜ ሥራ አለዎት?" አሉኝ።

"የለኝም።"

"መቆም ይችላሉ?"

"የት?"

"ሜዳ ላይ። ብዙ አይደለም። መቆም ብቻ።"

አስቤ አስቤ ከመቆም ውስጥ የሚያቅተኝ ነገር አልታይ አለኝ። "እችላለሁ" አልኳቸው።

ነገሩ ሲገለጥ ዶክተሩ የክሪኬት ቡድን ነበራቸው። ከኮሌጃችን ህንዳውያን መምህራን፣ ከከተማው ፋብሪካዎች ደግሞ የፓኪስታን፣ የስሪላንካና የባንግላዴሽ ባለሙያዎች ተሰባስበው ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ይጫወታሉ። አልፎ አልፎ እንደነሱ ያሉ ቡድኖች ከአዲስ አበባና ከኮምቦልቻ እየመጡ ይገጥሟቸዋል። ጨዋታው አሥራ አንድ ሰው ይፈልጋል። አንዱ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ስለገባ አሥር ቀርተዋል። አሥራ አንደኛው እኔ ሆንኩ።

ክሪኬት ምን እንደሆነ እኔ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ሦስት እንጨቶች ከኋላህ ተተክለው በአንድ በኩል ጠፍጣፋ የሆነ ከባድ ዱላ ይዘህ ትቆማለህ። ከፊት ለፊት አንድ ሰው እንደ ነብር እየተንደረደረ መጥቶ ድንጋይ የመሰለች ኳስ ይወረውርብሃል። ኳሷ እንጨቶቹን ካገኘች፣ ወይም አንተ የመታሃት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ወጥተሃል፤ ተራህ አበቃ። የሚመታው ቡድን ሰዎች ሜዳ ላይ የሚቆሙት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላ ይተካል። ነጥብ የሚገኘው ኳሷ ተመትታ ሁለቱ ሮጠው ቦታ ሲለዋወጡ ነው፤ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ከወጣች ግን ያለ ሩጫ ስድስት ነጥብ ነው። አሥሩ ሰዎች ከወጡ የመጨረሻው ሰው ብቻውን ሊጫወት ስለማይችል ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። ያ ብቻውን የቀረው ሰው "አልወጣም" ተብሎ ይጻፍለታል።

ያ ብቻውን የሚቀር ሰው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። የምገባው መጨረሻ ላይ ነው። ስገባ አብሮኝ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ የአንዱ ፋብሪካ ፓኪስታናዊ ኢንጂነር ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትከሻው የሰፋ፣ በጨዋታው ከሁላችንም በላይ የሆነ ልጅ ነው። አማርኛውን የለቀመው ከፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ገና ስገባ "ወንድሜ፣ አንተ ምንም አትንካ፤ ቁም ብቻ፤ እኔ እመታለሁ" ይለኛል። እቆማለሁ። እሱ ይመታል፣ ሩጥ ሲለኝ እሮጣለሁ፣ ኳስ ወደ እኔ እንዳይመጣ ተራውን ራሱ ይወስዳል። በመጨረሻ ከአቅም በላይ ሊመታ ሲል ይወጣል። እኔ እንደቆምኩ ጨዋታው ያልቃል። ከዚያ የደብረ ብርሃን ነፋስ ጆሮዬን ሳይቆርጠው ወደ ቤቴ እሮጣለሁ። በቀን ውስጥ በፍጥነት የምሮጠው ያኔ ነው።

ባለቤቴ አራተኛ ክፍል የምታስተምር፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ይህን ሕግ ሳስረዳት ደብተር ማረሟን ትታ ቀና አለች።

"እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት የምትወጣው እዚያ ሄደህ ላለመውጣት ነው?"

"እንደዚያ ነገር ነው።"

"ላለመውጣትማ እዚሁ ብትቀመጥ ምን አለ?"

እኔ ግን ቅዳሜን ወድጃት ነበር። በጎች ሜዳውን ሲያቋርጡ ጨዋታው ይቆማል፤ ዶክተሩ "ይለፉ፣ ይለፉ" እያሉ በጎቹን ያሳልፋሉ፤ ያኔ ሁላችንም ሣሩ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እንበላለን። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው በመስኮት ብቻ ሲያየኝ ኖሮ፣ ሙሉ ሰውነቴን ይዤ ከሰው ጋር መቀመጥ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ሽልማቱ ልምጣ። ዶክተሩ በየዓመቱ የሚወጣውን የዓለም አቀፍ ክሪኬት ተጫዋቾች ደረጃ የሚጠብቁት እኛ ፋሲካን እንደምንጠብቀው ነው። ነገሩን አንድ ከሰዓት ሙሉ አስረድተውኛል። በዓለም ላይ ያለ ተጫዋች ሁሉ ነጥብ አለው። ጠንካራ ቡድን ላይ የሠራው ደካማ ቡድን ላይ ከሠራው የበለጠ ይመዘናል፤ የአምናው ከዘንድሮው ያነሰ ይቆጠራል። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ከነጥቡ ሌላ ሽልማት አለ፤ ዳኞች ተቀምጠው የዓመቱ ምርጥ እገሌ ነው ይላሉ። የዶክተሩ ቁስል ያለው እዚህ ላይ ነው። የትውልድ ከተማቸው ልጅ የሆነ አንድ ተጫዋች ዓመቱን ሁሉ በነጥብ አንደኛ ሆኖ ቆይቶ፣ ሽልማቱን ዳኞች ለሌላ ሰጡት። ያን ቀን ዶክተሩ ምሳ አልበሉም። ጾም እንኳ አልነበረም።

"ዳኛ ሰው ነው" አሉኝ። "ሰው ይወዳል፣ ሰው ይጠላል። ቁጥር ግን ዘመድ የላቸውም።"

ቁጥርንም "እሳቸው" ነበር የሚሏቸው።

ስለዚህ የእኛን ቡድን ሽልማት ሲያቋቁሙ ዳኛ የሚባል ነገር ከሥሩ ነቀሉት። በዓመቱ መጀመሪያ ሕጉን ጽፈው ሁላችንንም አስፈረሙን። እያንዳንዱ ሰው ያገኘው ነጥብ ለወጣበት ጊዜ ብዛት ይካፈላል፤ ትልቁን ውጤት ያገኘ የዓመቱ ምርጥ ነው። ከታች አንድ መስመር ነበረች፦ "ዓመቱን ሙሉ አንድም ጊዜ ያልወጣ ተጫዋች ካለ፣ ያለ ስሌት ከሁሉም በላይ ይቀመጣል።" ዓመት ሙሉ ሳይወጣ የሚቆይ ሰው ቢገኝ ተአምር ነውና ይገባዋል ብለው ነው የጻፏት። ሁላችንም ፈረምን። እኔ ሳላነብ ፈረምኩ፤ እነሱም ሳያነቡ መፈረማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

የፈረንጆቹ ዓመት ሲዘጋ እኔ ሰባት ነጥብ ነበረኝ። ሰባቱም ኳሷ ራሷ መጥታ ዱላዬን ገጭታ የሄደችባቸው ናቸው። የወጣሁበት ጊዜ ብዛት ዜሮ።

ዶክተሩ ላፕቶፓቸውን ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ሁለት ሹራባቸውን ሳያወልቁ ላብ አጥምቋቸዋል። በእኔ ስም ትይዩ ኮምፒውተሩ ሊያካፍል አቅቶት የስህተት ምልክት አስቀምጧል።

"እርስዎ አንደኛ ነዎት" አሉኝ።

"ከየት?"

"ከላይ።"

"ዶክተር፣ ይህ እኮ ስህተት ነው። እኔ ዱላውን በየት በኩል እንደሚይዙት እንኳ አላውቅም።"

"አውቃለሁ" አሉ በጣም አዝነው። "ዓይኔ አይቷል። ግን ሕጉ ተፈርሟል።"

"ይቀይሩታ!"

ቀና ብለው አዩኝ። "የተመዘገበ ውጤት ይቀየራል?" አሉኝ።

ያን ዓረፍተ ነገር ስንት ተማሪ ፊት ላይ ጥያለሁ! አንዱም እንኳ ዛሬ እኔ የተሰማኝ ተሰምቶት ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሽልማቱ የተሰጠው አንድ ትንሽ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዋንጫው ከአዲስ አበባ መጣ። የክሪኬት ተጫዋች የቆመበት ዋንጫ ስላልተገኘ እግር ኳስ የሚመታ ሰው ያለበት ተገዛ፤ ዶክተሩ ለሰውየው እጅ ላይ የክብሪት እንጨት በሙጫ አጣብቀው ክሪኬተኛ አድርገውታል። ኢንጂነሩ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ክራቫት አስሮ መጣ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ አስደግፎ እናቱን ከፓኪስታን በቪዲዮ አስቀምጧቸዋል። ነጠላ የመሰለ ነገር ተከናንበው ፈገግ እንዳሉ ይጠባበቃሉ። ዓመቱን ሁሉ እሱ አንደኛ እንደሆነ ነግሯቸው ኖሯል። እውነቱን ነበር።

የእኔ ስም ተጠራ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ ከኢንጂነሩ እናት በስተቀር። እሳቸው ማን እንደተጠራ አልገባቸውምና በስልኩ ውስጥ ሆነው በደስታ ያጨበጭባሉ። ኢንጂነሩ ስልኩን ቀስ አድርጎ በግንባሩ አስተኛው።

"ዓመቱን ሙሉ የሸፈንኩት እኔ ነኝ!" አለ ተነሥቶ። "እሱ ቆመ። ግንብም ይቆማል! ግንብ ይሸለማል?"

"ግንብ አልፈረሙም" አሉ ዶክተሩ። "እሳቸው ፈርመዋል።"

ኢንጂነሩ ጥሎን ወጣ። እኔ ዋንጫውን በጋዜጣ ጠቅልዬ በጓሮ በኩል ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እንደሰረቀ ሰው።

በዚሁ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰኞ የኮሌጃችን ሕዝብ ግንኙነት ባልደረባ፣ ትጉህ የሆነ ሰው፣ ስለ ሽልማቱ ሰምቶ ለዶክተሩ ደውሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ተጫዋቾቹ ዓለም አቀፍ መሆናቸውን ነገሩት። እሱም በኮሌጁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ እንዲህ ሲል ለጠፈ፦ "የሬጅስትራር ባልደረባችን ከዓለም አቀፍ የክሪኬት ተጫዋቾች መካከል የዓመቱ ምርጥ ሆነው ተሸለሙ።"

ልብ በሉ፤ አንድም ውሸት የለበትም። ተጫዋቾቹ ከአራት አገር ናቸው፤ እኔን ከቆጠራችሁ ከአምስት። እስከ ምሳ ሰዓት ግን ወሬው "ከዓለም አንደኛ" ሆኖ ነበር። ጸጉር አስተካካዬ ጸጉሬን በመቀስ ፈንታ በፍርሃት ነካው፤ ሲጨርስ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ፎቶ ለመነኝ። ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብለው "እኛ እኮ አገራችን ሯጭ ብቻ ያላት ይመስለን ነበር" አሉ። ሊለምነኝ የመጣ ተማሪ ሳይቀር መጀመሪያ "እንኳን ደስ አለዎት" ብሎ፣ ቀጥሎ "ኤፍ ናት እንግዲህ፣ ለዓለም ሻምፒዮን ምን ትከብዳለች" አለኝ።

ሕዝብ ግንኙነቱ ጋ ሄጄ እንዲያርም ለመንኩት።

"ምኑ ነው የተሳሳተው?" አለኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት የቱ ጋ እንደሆነ ጣቴን የማስቀምጥበት አጣሁ።

"የተጋነነ ይመስላል" አልኩት በመጨረሻ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ልጥፍ ወጣ፦ "ተሸላሚው ሽልማቱ የተጋነነ እንደሆነ በመግለጽ ትሕትናቸውን አሳይተዋል።" ይህኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ተወደደ።

በሳምንቱ አባቴ ከአንኮበር ደወሉልኝ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሲደውሉ ስልኩን ስለማያምኑት ይጮኻሉ።

"ሰንበቴ ላይ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ! ምን ሆነሃል?"

"ምንም አልሆንኩም አባ።"

"ምንም ሳትሆንማ ኮሚቴ አይቋቋምም! የሰፈሩ ልጆች ኮሚቴ አቋቁመዋል። ድንኳን ሊጥሉ ነው። መጥተህ ጨዋታውን አሳየን ይሉሃል።"

እንቢ ብዬ ነበር። ዶክተሩ ግን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ክሪኬት አንኮበር ሊገባ ነው! "መሄድ አለብዎት። እኔ አስረዳለሁ። ኢንጂነሩ ይወረውራሉ።" ከሽልማቱ ቀን ጀምሮ ያላናገረኝ ኢንጂነር ጥያቄው ሲቀርብለት አንድ ቃል ብቻ መለሰ፤ "እወረውራለሁ" አለ። አባባሉ አላማረኝም።

በየካቲት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እንድንደርስ ሆነን በሚኒባስ ተነሣን። ባለቤቴ "ይህን ሳላይ አልቀርም" ብላ ከጎኔ ተቀመጠች። ኢንጂነሩ ከፊት ሆኖ መንገዱን ሁሉ ኳሷን ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባታል። ጉሙ እየወፈረ መጣ። ዋንጫው ጭኔ ላይ ነው።

አባቴ ደጅ ቆመው ተቀበሉን። ዶክተሩና አባቴ ሲገናኙ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ዝቅ ሲል፣ "እርስዎ ይቅደሙ"፣ "ኧረ እርስዎ" ሲባባሉ፣ እኛ ከኋላቸው በብርድ ተንቀጠቀጥን። በመጨረሻ ባለቤቴ በመካከላቸው አልፋ ገባች።

አባቴ እኔን ወደ ጓዳ ጠሩኝና ዋንጫውን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት።

"እውነቱን ንገረኝ። ከዓለም አንደኛ ነህ?"

"አይደለሁም አባ።"

"ከኢትዮጵያስ?"

"አይደለሁም።"

"ከደብረ ብርሃንስ?"

"ካለነው አሥራ አንድ ሰዎች አሥራ አንደኛው ነኝ።"

"ታዲያ ይህን ማን ሰጠህ?"

"ሒሳቡ።"

አባቴ የዋንጫውን ሰውዬ እጅ በጣታቸው ነካ አደረጉ። "ይህች የክብሪት እንጨት ምንድን ናት?" አሉ።

"ዱላው ናት።"

"እንግዲህ ልጄ፣" አሉ ወደ እጄ እየመለሱልኝ፣ "ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በብርድ ቁሞ ይጠብቅሃል። ውጣና እውነቱን ተናገር። ከዚያ በኋላ ያለው የእግዜር ነው።"

አንኮበር ላይ ለጥ ያለ ሜዳ ፍለጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። ኮሚቴው ያገኘው ከተራራው ወገብ ላይ ያለ የግጦሽ መሬት ነው። በአንድ በኩል የገብስ ማሳ፣ በሌላው በኩል ገደል። ጉሙ ገለጥ ሲል ከታች የአሊዩ አምባ ከተማ የምትመስል ነጥብ ትታያለች። ድንኳን ተጥሏል፤ ጠላ ተጠምቋል፤ ወንበር ላይ የታጠፈ አዲስ ጋቢ ተቀምጧል፤ ለእኔ የተዘጋጀ ነው። መድረኩን የሚመሩት የአምስተኛ ክፍል የስፖርት መምህሬ ነበሩ። ያኔ "አንተ ከሩጫ ጋር አልተፈጠርክም" ብለውኝ ዛፍ ሥር አስቀምጠውኝ የነበሩ ሰው ናቸው።

"ይህን ልጅ" አሉ በድምፅ ማጉያው፣ "ገና በሕፃንነቱ ነው ያወቅሁበት!"

ማጉያውን ተቀበልኩ። አባቴ ከፊት ተቀምጠው ያዩኛል።

"ወገኖቼ፣ እኔ ከዓለም አንደኛ አይደለሁም" አልኩ። ጭብጨባ።

"ኧረ ስሙኝ! ከቡድናችን አሥራ አንድ ሰዎች የመጨረሻው እኔ ነኝ።" ሳቅና እልልታ።

"ኳስ መምታት አልችልም!" ስል መምህሬ ማጉያውን ከእጄ ወሰዱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ትሕትና ማለት ይህ ነው፤ ልጆቻችሁን ይህን አስተምሩ" አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህች ሴት ለእኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ ነው።

ሦስቱ እንጨቶች ተተከሉ። ዱላዬን ይዤ ቆምኩ። ኢንጂነሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ከዚያ የእግሩ ድምፅ ብቻ መጣ። ሰውየው ከጉሙ ሲወጣ ክንዱ ከትከሻው በላይ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከኋላዬ ቋ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል ሦስቱም እንጨቶች መሬት ላይ ተዘርረዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣሁ። ምን ያህል እፎይ እንዳልኩ!

ሕዝቡ ግን ጮኸ። ተነሥቶ ጨፈረ። "ሦስቱንም ባንዴ!" አለ አንድ ሰው። "ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ!" አለ ሌላው። ኢንጂነሩ እጆቹን ዘርግቶ ደርቆ ቀረ። ያወጣኝ እሱ፣ የሚጨበጨበው ለእኔ።

ዶክተሩ ሮጠው ማጉያውን ያዙ። "ክቡራን ሆይ! እሳቸው ወጥተዋል!"

"የት ወጡ?" አሉ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት። "እዚሁ ቆመው የለም እንዴ!"

"ቆመዋል፤ ግን ወጥተዋል!"

"ምን ይላሉ እኚህ ሰውዬ?"

ያኔ፣ ወደ ሜዳው ስንሄድ ሕጉን ከዶክተሩ የሰሙት አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ማጉያ አልፈለጉም። "ስሙኝማ" አሉ፣ ሕዝቡም ተቀመጠ። "እነዚህ ሦስት እንጨቶች የልጄ ቤት ናቸው። ጠብቅ ተብሎ ዱላ ተሰጠው። አልጠበቀም፤ ፈረሰበት። ያፈረሰበት ያ እንግዳ ነው። የምታጨበጭቡ ከሆነ ለእሱ አጨብጭቡ።"

ከዚያ ከመሃል አንድ ሽማግሌ "ታዲያ እኮ ሲነግረን ነበር!" ብለው መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ተዛመተ፤ እኔም ሳቅሁ። ወጣቶቹ ሮጠው ኢንጂነሩን በትከሻቸው አነሡት። ለእኔ የተዘጋጀውን ጋቢ መምህሬ ራሳቸው አለበሱት፤ "ይህንንም ልጅ ገና ከሚኒባስ ሲወርድ ነው ያወቅሁበት" እያሉ። ኢንጂነሩ ከላይ ሆኖ ስልኩን ወረወረልኝ። "ወንድሜ፣ ፎቶ አንሳኝ! ለእናቴ!" አለኝ። ቀለብኩት። ዶክተሩ አይተው "ቀለቡ!" ብለው ጮኹ፤ ዓመቱን ሙሉ አንድም ነገር ቀልቤ ስለማላውቅ።

ከትከሻ ሲወርድ ዋንጫውን ይዤ ሄድኩ። "ያንተ ነው" አልኩት። እጁን ዘረጋ። ዶክተሩ በመካከላችን ዘለው ገቡ።

"አይቻልም! የአምናው ዓመት ተዘግቷል። የዛሬው ደግሞ የማሳያ ነው፤ አይመዘገብም።"

ኢንጂነሩና እኔ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ላይ ሳቅን፤ እሱ ጋቢውን በፊቱ ላይ ስቦ፣ እኔ ዋንጫውን አቅፌ።

ሕዝቡ ወደ ጠላው ሲሄድ ኢንጂነሩ ወደ ሜዳው መልሶ ጎተተኝ። ዋንጫውን ከእጄ ወስዶ ሣሩ ላይ አስቀመጠና ዱላውን ሰጠኝ፤ እንደያዝኩትም ገለበጠው። ዓመቱን ሙሉ ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ኋላ አድርጌ ነበር የምይዘው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ምንም አትንካ ነው ያልኩህ። አልነካህም።" አውራ ጣቴን አስተካከለ፤ የግራ ክርኔን ከፍ አደረገው፤ እግሬን በእግሩ ገፋ አድርጎ አስቆመኝ። "ዓይን አትጨፍን። ኳሷን ብቻ እይ። እስክትደርስ እያት።"

ቀስ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚወረወር ወረወረልኝ። አየኋት። ቀይ ናት፤ ወገቧ ላይ ነጭ ስፌት አላት። አንድ ጊዜ ነጥራ ስትመጣ በሙሉ ኃይሌ መታኋት።

እንዲያ ያለ ድምፅ ከዱላዬ ወጥቶ አያውቅም። ኳሷ በድንኳኑ ጫፍ አልፋ፣ የገደሉን አፋፍ ተሻግራ፣ ጉሙ ውስጥ ገባች። ተንደርድረን ሄደን አፋፉ ላይ ቆምን። ድንጋይ ስትነካ አንዴ ሰማናት፤ ከዚያ ደግሞ ራቅ ብላ፤ ከዚያ ጠፋች። ወደ አሊዩ አምባ እየወረደች ነበር። በቁልቁለቱ መንገድ ላይ ከታች ሆኖ አንድ ሰው "ኧረ ማነህ አንተ!" ሲል ተሰማ።

"ስድስት ነጥብ" አለ ኢንጂነሩ በሹክሹክታ።

ባለቤቴ ከኋላችን መጥታ አፋፉን ተመለከተች። "ሌላ ኳስ አላችሁ?" አለች።

አልነበረንም። ሰውየው ኳሷን ይዞ ሽቅብ እየመጣ እንደሆነ ድምፁ ሲቀርብ ሰማንና፣ ሦስታችንም ፈጠን ብለን ወደ ጠላው ሄድን።